እማዬ የስኳር ክኒኗን ላቁም እያለች ነው፣ ቲክቶክና ቴሌግራም ላይ የሚወራውን የጤና ነገር በምን ታጣራላችሁ?

ሰናይት_ባህርዳር፦
ሰላም ለሁላችሁ። እስቲ በናታችሁ ሀሳብ ስጡኝ ጨንቆኛል። እናቴ ስኳር አለባት፣ ዓይነት 2 የሚባለው፣ ሜትፎርሚን ጠዋትና ማታ ትወስዳለች ቅርብ ጊዜ ደግሞ ግሊቤንክላማይድ ተጨምሮላታል። ችግሩ የቤተሰብ የቴሌግራም ግሩፕ አለን፣ አክስቴ ከሪያድ ወንድሜ ከዱባይ ሌላውም ከየአለበት ያገኘውን ቪዲዮ ሁሉ ፎርዋርድ ያደርጋል። አንዱ ሽፈራው በባዶ ሆድ ይላል፣ አንዱ አብሽ፣ አንዱ ጥቁር አዝሙድ በማር። አንዱ ደግሞ ነጭ ጋውን ለብሶ ሜትፎርሚን ኩላሊት ይጨርሳል፣ ስኳር ሙሉ በሙሉ ይድናል ሀኪሞች ግን ይሄን አይነግሯችሁም ይላል፣ ከስሩ ስልክ ቁጥር አለ፣ የሆነ ዱቄት ይሸጣል። እማዬ ይሄን ካየች ጀምሮ ክኒኑን ልተወው እያለች ነው።

ውሸት ነው እንዳልላት እኔ የተማርኩት አካውንቲንግ ነው፣ በምን አውቄ? ጉግል ሳደርግ በአማርኛ የሚመጣልኝ መልሶ ያው ቪዲዮ ነው። በእንግሊዝኛ ደግሞ አንዱ ይጠቅማል አንዱ አይጠቅምም ይላል መጨረሻው አይታወቅም። ሀኪም ጋ ስንሄድ ሰልፉን ጠብቀን ገብተን ቁጥሩን አይቶ መድኃኒት ይጽፍና ቀጣይ ይላል። አልፈርድበትም፣ ውጪ የሚጠብቀውን ሰው ብዛት አይቻለሁ። ግን ቲክቶክ ላይ ያለው ሰውዬ ረጋ ብሎ በአማርኛ ሲያስረዳት እሱን ብታምን ምን ይገርማል። እናንተ የቱ እውነት የቱ ውሸት እንደሆነ በምን ታውቃላችሁ?

ፋርማሲስቱ፦
እህቴ ሰናይት መጀመሪያ እናትሽ ክኒኑን እንዳያቆሙ፣ ሌላው ሁሉ ቀስ ብሎ ይደረሳል። እኔ ፋርማሲ ውስጥ ነው የምሰራው፣ ስልኩን ይዞ መጥቶ ይሄ እውነት ነው ወይ የማይለኝ ሰው የለም ማለት ይቻላል፣ ስለዚ እንዴት እንደማየው ልንገርሽ።

እኔ መጀመሪያ የማየው ሰውዬው ምን አለ የሚለውን ሳይሆን ምን አድርጉ አለ የሚለውን ነው። አብሽ ወጥ ላይ ጨምሩ ካለ ብዙም አያስጨንቀኝም። መድኃኒት አቁሙ ካለ ግን እዛው ላይ አበቃ፣ ምክንያቱም አይቷት የማያውቃትን፣ ኩላሊቷ እንዴት እንደሆነ ያልመረመራትን፣ ሌላ ምን እንደምትወስድ ያልጠየቃትን ሴትዮ መድኃኒት የሚያስቆም ሰው ሀኪምም ቢሆን ሀኪም አይደለም። ከስሩ ስልክ ቁጥርና ዋጋ ካለ ደግሞ ያየሽው ማስታወቂያ ነው። ጋውኑ ምንም ማለት አይደለም፣ አሁን እኮ በየሀገሩ የታወቀ ሀኪም ፊትና ድምፅ በኤአይ አስመስለው ምርት የሚሸጡ ቪዲዮዎች አሉ።

ሜትፎርሚን ኩላሊት ይጨርሳል ስለሚባለው፣ ይሄን በቀን ስንቴ እንደምሰማው። መድኃኒቱ ከ1957 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ለስኳር ሲሰጥ የኖረ ነው፣ የዓለም ጤና ድርጅት መሠረታዊ መድኃኒቶች ዝርዝር ውስጥም አለ። ኩላሊትን የሚጎዳው ለዓመታት ከፍ ብሎ የቆየ ስኳርና ግፊት ነው። ወሬው ከየት መጣ ብትይ፣ ኩላሊቱ በጣም የደከመ ሰው ሜትፎርሚን ይቀነስለታል ወይ ይቆምለታል፣ መድኃኒቱ የሚወጣው በኩላሊት ስለሆነ በደንብ ካልወጣ ሰውነት ውስጥ ይጠራቀማል። ሰው ይሄን ሲያይ መድኃኒቱ ነው የጎዳው ይላል። ስለዚህ እናትሽ ክሬአቲኒን የሚባለውን የደም ምርመራ በየጊዜው ይሰሩ፣ መልሱ ያለው እዛ ነው። እውነተኛው የሜትፎርሚን ችግር ሆድ ማወክ፣ ተቅማጥ፣ ማቅለሽለሽ ነው፣ ከምግብ ጋር ሲወሰድ ይሻላል። እንደሱ እያስቸገራቸው ከሆነ ላቁም የሚሉት በሱም ሊሆን ስለሚችል ቀስ ብለሽ ጠይቂያቸው።

ሌላው "ስኳሬ 300 ነበር ዱቄቱን ጠጥቼ 110 ገባ" የሚለው ምስክርነት ነው። ሰውየው ላይዋሽ ይችላል። ግን 300ው ከምሳ በኋላ ተለክቶ 110ሩ ጠዋት በባዶ ሆድ ቢሆንስ? ዱቄቱን ሲጀምር ለስላሳና ዳቦም ትቶ ቢሆንስ? ክኒኑንም ጎን ለጎን እየዋጠ ቢሆንስ? ለዚህ ነው እኔ አንድ ጊዜ የተለካ ቁጥር የማልቀበለው። ኤዋንሲ የሚባል ምርመራ አለ፣ ያለፉትን ሁለት ሦስት ወራት አማካይ ነው የሚያሳየው፣ ትናንት ማታ ምን በላሽ ብሎ አይለዋወጥም። ዱቄት ሻጩ የደንበኞቹን ኤዋንሲ ከመጀመራቸው በፊትና ከሦስት ወር በኋላ ያሳይ፣ እስካሁን እንደዛ የሚያሳይ ሻጭ አላየሁም።

አንድ ነገር ልጨምር ይሄ ለእናትሽ በተለይ አደገኛ ነው። በተለያየ ሀገር የመድኃኒት ተቆጣጣሪዎች ንጹህ ተፈጥሮ ነው ተብለው የሚሸጡ የስኳር እንክብሎችን መርምረው ውስጣቸው ያልተጻፈ ግሊቤንክላማይድ አግኝተዋል። ስለዚህ ሰው ጠጥቶ ስኳሩ እውነትም ይወርዳል! እናትሽ ግን ግሊቤንክላማይድ አስቀድመው እየወሰዱ ነው፣ በላዩ ላይ ከተደረበ ስኳራቸው ከሚገባው በታች ወርዶ ሊወድቁ ይችላሉ። የምግብና መድኃኒት ባለሥልጣን ነጻ መስመር 8482 ነው፣ የሚሸጠውን ነገር ስም ይዘሽ ደውለሽ ተመዝግቧል ወይ ብለሽ ጠይቂ።

ሲያትል_ነኝ፦
ፋርማሲስቱ እግዜር ይስጥህ። እኔ እዚህ ሲያትል ሆስፒታል ውስጥ አስተርጓሚ ነኝ፣ ወላጆቻችን ተመሳሳይ ቪዲዮ ይዘው ነው የሚመጡት፣ አሜሪካ ስላሉ የተለየ ነገር የለም።

ሰናይት በአማርኛ አይገኝም ላልሽው፣ አለ ግን ሰርች ላይ ከላይ አይመጣም። ሜድላይንፕላስ የሚባል የአሜሪካ ብሔራዊ የሕክምና ቤተ መጻሕፍት ድረገጽ አለ፣ በቋንቋ የሚለው ውስጥ ገብተሽ አማርኛን ስትመርጪ በየርዕሱ የተተረጎሙ ወረቀቶች ታገኛለሽ። ኢትኖሜድ የሚባለው ደግሞ እዚሁ ሲያትል ሃርበርቪው ሆስፒታልና ዋሽንግተን ዩኒቨርሲቲ ያሉ ሰዎች የሚያዘጋጁት ነው፣ ለስደተኛው ማኅበረሰብ ተብሎ የተሰራ ስለሆነ በአማርኛም አለው። አትመሽ ለእማማ በወረቀት ብትሰጫቸው እኔ ባየሁት ስልክ ላይ ከማንበብ የተሻለ ይቀበሉታል።

በእንግሊዝኛ ስትፈልጊ ደግሞ "ስኳር የሚያድን" ብለሽ አትጠይቂ፣ እንደዛ ስትጠይቂ ያድናል የሚሉትን ብቻ ነው ሰብስቦ የሚያመጣልሽ። ካርቶኑ ላይ ያለውን የመድኃኒቱን ስም ጻፊና ጉዳቱን ጠይቂ። አብሽም ከሆነ አብሽና ግሊቤንክላማይድ አብሮ ይሄዳል ወይ ብለሽ ጠይቂ። መልስ ስታገኚ ማን ጻፈው፣ መቼ ጻፈው፣ ምን ይሸጣል የሚለውን እይ። አንዱ ይጠቅማል አንዱ አይጠቅምም ያልሽው እኔ እንደገባኝ ብዙ ጊዜ ሁለቱም አልዋሹም፣ አብሽ ላይ ትንንሽ ጥናቶች አሉ በባዶ ሆድ የሚለካውን ስኳር በመጠኑ ይቀንሳል የሚሉ፣ ግን በመጠኑ ቀነሰና መድኃኒት ተካ በጣም የተራራቀ ነገር ነው፣ ቪዲዮ የሚሰራው ሰው ይሄን ርቀት ነው የሚዘለው።

ደግሞ ቁጥር ተጠንቀቁ። እንግሊዝ ሀገር ያለ ሰው "ስኳሬ 7 ነው" ሲል የኛ ሀገር 126 ማለት ነው፣ መለኪያው ሌላ ስለሆነ፣ በ18 አባዙት። አንዲት እናት የለንደን ዘመዳቸው 8 ነው ስላለቻቸው የኔ 150 ሆነ ብለው ሲያለቅሱ አስተርጉሜያለሁ፣ ሁለቱ እኮ አንድ አካባቢ ናቸው።

ሌላው ሁሉም ሰው እኮ ነው የሚለው ለምትሉ፣ መጋቢት 2012 ኮሮና ኢትዮጵያ ገባ የተባለ ሰሞን ነጭ ሽንኩርት፣ ዝንጅብል፣ ሎሚ፣ ፌጦ እንዴት ይፈለግ እንደነበር ታስታውሳላችሁ። እኛ እዚህ ሆነን ያንኑ መልእክት ከአምስት አቅጣጫ ነበር የሚደርሰን፣ ከአምስት ሰው የመጣ ይመስላል፣ አንድ ሰው የጻፈውን ነበር ሁሉም የሚያዞረው። ቲክቶክም አንዱን እስከ መጨረሻው ካየሽ አስር ተመሳሳይ ያመጣልሻል። እማማ አገር ምድሩ እንደዚህ እያለ ነው ቢሉ አይፈረድባቸውም፣ የሳቸው ስልክ ላይ እውነትም አገር ምድሩ እንደዛ ነው የሚለው። ፍላጎት የለኝም የሚለውን እየተጫንሽ አጥፊላቸው፣ ትንሽ ቀን ይፈጃል እንጂ ይቀየራል።

የአዋቂ_ልጅ፦
ሁላችሁም ልክ ናችሁ ግን የባህል መድኃኒትን እንዲህ በአንድ ላይ ጠቅልላችሁ አትጣሉት። አባቴ ጎጃም ውስጥ መድኃኒት አዋቂ ነው፣ ከአያቱ የወረሰው ነው፣ ስንት ሰው ከሞት እንደተረፈ በዓይኔ አይቻለሁ። የፈረንጅ የምትሉትም እኮ ከዕፅ ነው የመጣው። ፈረንጅ በክኒን አሽጎ ሲያመጣው ሳይንስ፣ እኛ ከጓሮ ስንቆርጠው ውሸት ይባላል።

ቲክቶክ ላይ ያሉትን ግን እኔም አልወዳቸውም፣ ስማችንን እያጠፉ ነው። አባቴ ያላየውን ሰው መድኃኒት ሰጥቶ አያውቅም። ዓይኑን ያያል፣ ምላሱን ያያል፣ ነፍሰ ጡር ከሆነች ይመልሳታል፣ ሆስፒታል የምትከታተለው ነገር አለ ወይ ይላል። ያልቻለውን ወደ ሆስፒታል ሂድ ይላል። ሪያድ ላለችም ባህር ዳር ላለችም አንድ ዓይነት ዱቄት በፖስታ የሚልክ ሰው በኛም ሥርዓት አዋቂ አይባልም።

ፋርማሲስቱ፦
ወንድሜ የአባትህ ነገር ደስ ብሎኛል፣ ልክ ነህ ስለ ዕፁም። ሜትፎርሚን ራሱ መነሻው ጋሌጋ የሚባል አውሮፓ ውስጥ የሚበቅል ተክል ነው። ለወባ የምንወስደው ኮአርተም ውስጥ ያለው ቻይናዎች ለዘመናት ሲጠቀሙበት ከነበረ ቅጠል ነው የተገኘው፣ ቱ ዩዩ የምትባል ሳይንቲስት በ2015 እ.ኤ.አ. ኖቤል ወስዳበታለች። ግን ጋሌጋ ራሱ እንዳለ ሲበላ መርዝነት ስላለው ነው ከሱ ተነስተው ጉዳቱ የቀለለውን የሰሩት፣ አንዱ ክኒን ከሌላው እኩል እንዲሆን መጥነው። ዱቄት በማንኪያ ሲሆን ዛሬ የጠጣኸው ትናንት ከጠጣኸው ጋር እኩል መሆኑን ማን ያውቃል?

የራሳችንን ልጅ ደግሞ እዩ። ዶክተር አክሊሉ ለማ በ1964 እ.ኤ.አ. አድዋ ወንዝ ዳር ሴቶች በእንዶድ ልብስ ሲያጥቡ ከታች ያሉት ቀንድ አውጣዎች ሞተው አየ፣ ቢልሃርዚያ የሚያስተላልፉት ቀንድ አውጣዎች ናቸው። እሱ እንዶድ ቢልሃርዚያን ይፈውሳል ብሎ ገበያ አልወጣም። ናሙና ወስዶ ላብራቶሪ ገባ፣ ምን ያህሉ ይገድላል፣ ሌላውን ፍጥረት ምን ያደርጋል እያለ ለዓመታት ሰራ። ከዶክተር ለገሰ ወልደዮሐንስ ጋር በ1989 እ.ኤ.አ. ራይት ላይቭሊሁድ የተባለውን ሽልማት አገኙ። እኔ የባህል መድኃኒት እንዲከበር የምፈልገው እንደዛ ነው። የአባትህ እውቀት ሳይጻፍና ሳይመረመር ከሱ ጋር እንዳይቀር አደራ፣ ዩኒቨርሲቲዎቻችን ውስጥ በዚህ ላይ የሚሰሩ ሰዎች አሉ።

ሰናይት_ባህርዳር፦
ሁላችሁንም እግዚአብሔር ያክብርልኝ። ፋርማሲስቱ እንዳልከው ጠየቅኳት፣ እውነትም ሆዷን ያስቸግራት ነበር በባዶ ሆድ ነው የምትወስደው፣ ለኔ አልነገረችኝም። ሁለት ጥያቄ አለኝ። ወንድሜ ቻትጂፒቲን ጠይቂው እያለኝ ነው፣ በአማርኛ ጠየቅኩት ጥሩ መልስ የሚመስል ሰጠኝ፣ እሱስ ይታመናል? ደግሞ ሀኪሙን ስለዱቄቱ ብጠይቀው ይቆጣኛል ብዬ ፈራሁ፣ ባለፈው ከፊታችን የገባችን ሴትዮ ሲቆጣት ሰምቼ እማዬ ተሸማቀቀች።

ሲስተር_ኤም፦
ሰናይትዬ እኔ የስኳርና ግፊት ክትትል ክፍል ነርስ ነኝ። የምንቆጣ አለን፣ ልክ አይደለም፣ ሰው ስንቆጣው የሚማረው ነገር ቢኖር መደበቅ ነው። የሚያስፈራኝ ቅጠል የጠጣ ሰው ሳይሆን ጠጥቶ የደበቀኝ ነው፣ ምክንያቱም ስኳሩ ሲወርድ መድኃኒቱ በዛበት ወይስ ሌላ ነገር አለ የሚለውን ማወቅ አንችልም።

እንዲህ አድርጊ። ጥያቄሽን ቤት ጻፊና ገና እንደገባችሁ ሀኪሙ ማዘዣውን መጻፍ ሳይጀምር ተናገሪ፣ ጽፎ ከጨረሰ በኋላ ሀሳቡ ቀጣዩ ሰው ላይ ነው። "ይሄ ነገር ጥሩ ነው ወይ" ብለሽ አትጠይቂ፣ "እናቴ ይሄን ልትወስድ አስባለች፣ ከምትወስደው መድኃኒት ጋር ይጋጫል ወይ፣ የኩላሊት ምርመራዋስ እንዴት ነው" በይ። ሁለተኛው ጥያቄ ሀኪሙ ካርዱን ገልጦ እንዲያይ ያደርገዋል። የሚወስዱትን ሁሉ በፌስታል ይዛችሁ ኑ፣ ዱቄቱንም ጭምር። ሀኪሙ ጊዜ ካጣ ነርሷን ወይም መድኃኒት የሚሰጣችሁን ፋርማሲስት ጠይቂ፣ እኛ ጋ ትንሽ የተሻለ ጊዜ አለ። ቤት መለኪያ ካላችሁ የለካችሁትን ከሰዓቱና ከምግቡ ጋር ጻፉ፣ እማማ በራሳቸው እጅ ለክተው ምን ሲበሉ እንደሚጨምር ካዩ ከማንም ቪዲዮ በላይ ያምኑታል።

ጾም ስለሚመጣ ይሄንንም ልበል፣ ግሊቤንክላማይድ የሚወስድ ሰው እስከ ዘጠኝ ሰዓት ሳይበላ ሲቆይ ስኳሩ ሊወርድ ይችላል። ማላብ፣ መንቀጥቀጥ፣ ልብ ምት መጨመር፣ ዓይን መጋረድ ከመጣ ወዲያው ስኳር በውሃ በጥብጣችሁ ወይ ለስላሳ ስጧቸው። ጾሙ ከመግባቱ በፊት ግን ለሀኪሙ ንገሩት፣ መጠኑንና ሰዓቱን ያስተካክላል።

ስለ ቻትጂፒቲው ሲያትል_ነኝ ትመልስልሽ።

ሲያትል_ነኝ፦
እኔ የምጠቀምበት ላብራቶሪ ወረቀት ላይ ያለ ቃል ምን ማለት እንደሆነ ለማወቅና ለሀኪም የምጠይቀውን ለማዘጋጀት ነው፣ ለዛ ይረዳል። ልክ መጠን፣ ስንት ክኒን፣ ይቁም አይቁም የሚለውን ግን አልጠይቀውም፣ ሲሳሳትም ልክ ሲሆንም አነጋገሩ አንድ ነው፣ ከድምፁ አትለይውም። አማርኛው ደግሞ ከእንግሊዝኛው ይደክማል። ያንኑ ጥያቄ በሁለቱም ጠይቂውና መልሱ ከተለያየ ያ ነገር ለፋርማሲስት የሚጠየቅ ነው ማለት ነው።

አንባቢ_27፦
ይቅርታ ከርዕሱ ትንሽ ወጣሁ መሰለኝ፣ አሁን ሳነብ ደነገጥኩ። የእህቴ ልጅ 9 ዓመቱ ነው ኢንሱሊን ነው የሚወጋው፣ አያቱ ጠበል ይዛው ሄዳለች፣ እዛ ያገኘቻቸው ሰዎች መርፌና ጠበል አብሮ አይሄድም ብለዋት ከትናንት ጀምሮ አልተወጋም። እሱም ያው ስኳር ነው አይደል? ጠበሉን ሲጨርስ ይቀጥላል ብለው ነው።

ሲስተር_ኤም፦
ወንድሜ ይሄን አንብበህ ሳትጨርስ ደውልላቸው። የሱ ዓይነት 1 ነው የሚሆነው፣ ከሰናይት እናት ጋር ስሙ ነው እንጂ የሚመሳሰለው ሌላ በሽታ ነው። የልጁ ሰውነት ራሱ ኢንሱሊን አያመርትም፣ መርፌው ሲቆም በቀናት ውስጥ፣ አንዳንዴም በዛው ቀን ደሙ ይመረዛል። ካስመለሰው፣ ሆዱን ካመመው፣ ውሃ ውሃ ካለና ሽንቱ ከበዛ፣ በረጅሙ በኃይል ከተነፈሰ፣ ትንፋሹ የበሰበሰ ፍራፍሬ ከሸተተ ወይ እንቅልፍ እንቅልፍ ካለው አንድ ደቂቃም አይቆይም። ምልክት ባይኖረውም ዛሬውኑ ይታይ።

አያቱን እምነትሽን ተዪ አትበሏት፣ እንደሱ ካላችኋት ስልኩን ትዘጋለች። አቡነ ጳውሎስ ነፍሳቸውን ይማርና በጊዜያቸው የኤችአይቪ መድኃኒት ለሚወስዱ ምእመናን ጠበሉንም መድኃኒቱንም አብራችሁ ውሰዱ ብለው በይፋ ተናግረዋል፣ ይሄን ንገሯት፣ እዛው ያሉትን አባት በስልክ አቅርባችሁ እሳቸው ይንገሯት። ቅርብ ያለው ጤና ጣቢያ ኢንሱሊን ከሌለው እዛ ጊዜ ሳያጠፉ በቀጥታ ወደ ሆስፒታል ይዘውት ይሂዱ። የሱን ኢንሱሊን ከነጠርሙሱ ይያዙ፣ የክትትል ካርዱንም፣ ፀሐይ ላይ ወይ ሙቀት ውስጥ ቆይቶ ከሆነ እሱን እንዳይወጉት፣ ለሚቀበላቸው ባለሙያ መጨረሻ የተወጋበትን ሰዓት ይንገሩት።

አንባቢ_27፦
እየደወልኩ ነው፣ ኔትወርኩ እያስቸገረኝ ነው። እህቴም ከዚህ ተነስታለች።

ሲስተር_ኤም፦
ለአያቱ ካልሰራ አብሯት ለሄደ ሰው ወይም ለደብሩ ሰው ሞክር። ሲገኙ ቁጥሬን በውስጥ መስመር ልኬልሃለሁ፣ ልጁን አጠገቧ አድርጋ ታናግረኝ።